ከጦር ሜዳ የተመለሰውን የሚያክመውን ማን ያሠልጥነው?



የጤና ነገር ሲነሣ ሁላችንም የምንቆጥራቸው ጉድለቶች አሉ። ሐኪም የለም፣ መድኃኒት የለም፣ አምቡላንስ የለም እንላለን። እውነትም ጎድሏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስሙ ብዙም የማይጠራ ባለሙያን ነው። ከጦርነት የተመለሰ ሰው አእምሮው ሲታወክ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንዴት እንደሚደመጥና እንዴት እንደሚታከም ለነርሷ፣ ለጤና መኮንኑና ለጠቅላላ ሐኪሙ የሚያስተምረውን ሰው ማለቴ ነው። የአካሚውን አሠልጣኝ። እሱ በሌለበት የሚሠራው ክፍልም ሆነ የሚገዛው መድኃኒት ፍሬው ትንሽ ነው ብዬ አምናለሁ። የቆምኩት ለምን እንደማምን ላስረዳችሁ ነው።

ከተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ እንጀምር። አንድ ሠላሳ ዓመት የሞላው ገበሬ ካርድ አውጥቶ ገባ እንበል። ምኑን እንደሚያመው ሲጠየቅ «ጨጓራዬን» ይላል። «ሌላስ?» ሲባል «ራሴን ይወቅረኛል፤ ወገቤንም» ይላል። ነርሷ ደጅ ላይ የተኮለኮለውን ሕመምተኛ እያየች ኦሜፕራዞልና የሕመም ማስታገሻ ጽፋ ታሰናብተዋለች። በወሩ ይመለሳል። ያው ጨጓራ፣ ያው ራስ ምታት። በሦስተኛው ጊዜ የሰገራና የደም ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ውጤቱ ደህና ነው ይባላል። እሱ ግን ደህና አይደለም። ሌሊት አይተኛም። ሲተኛም ይቃዣል፤ ላብ አጥምቆት ባንኖ ሲነሣ እጁ አጠገቡ የሌለ መሣሪያ ይፈልጋል። በር ሲበረገድ ይደነብራል። ሰርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ከዳሱ ወጥቶ ይሄዳል። ልጆቹ ሲንጫጩ ይጮህባቸዋል፣ ቆይቶም ይጸጸታል። ማታ አረቄ ካልቀመሰ ዓይኑ አይከደንም። ሚስቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ነገር ግን ማንም ግቢ ስላላላት ደጅ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

ነርሷን አንወቅሳት። ትምህርት ቤት በነበረችበት ጊዜ ስለ አእምሮ ሕመም የተማረችው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ስለ ጦርነት የተነገራት ምናልባት አንድ ገጽ ቢሆን ነው። «ጦር ሜዳ ውለህ ታውቃለህ?» ብላ መጠየቅ እንደምትችል ያሳያት ሰው የለም። ብትጠይቅስ? ሰውየው ቢያለቅስ ምን ታደርጋለች? ወገኑን ቢናገር ጆሮ አለው የሚባለው ግድግዳ ያሰጋታል። የማታውቀውን በር ከመክፈት መዝጋቱን መምረጧ ሰው መሆኗ ነው።

ይህ የመካነ ሰላም ደጋ ለጦርነት እንግዳ አይደለም። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ ቆርጠው ያወጡት ይህ ከፍታ ብዙ ዘማች አስነሥቷል፤ ብዙ ዘማችም መልሶ ተቀብሏል። ከበሽሎ ወዲህ ያለችው መቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 የዐፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ ሆናለች። የወሎ ፈረሰኛ ከራስ ሚካኤል ጋር ዓድዋ ዘመተ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ደግሞ ሰገሌ ላይ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ተሰልፎ በብዛት አለቀ። ከዚያ ወዲህም ዘመቻው አላቋረጠም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበትኖ ወደየቀዬው ገባ። ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች የተቋቋመው ኮሚሽን እህል፣ የእርሻ መሬትና የመቋቋሚያ ድጋፍ ለማዳረስ ሠርቷል። አእምሮን ማከም ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ በመላ ሀገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወታደር ዛሬ ሃምሳውን ተሻግሮ ስድሳ እየተቃረበ ነው። አንዳንዱ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አመሉ ነው» ተብሎ የታለፈ ሕመም ይዞ የኖረ አለ።

ቀጥሎ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጣ። ከዚያም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ሁለት ዓመት ዘለቀ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነቱ መካከል ሆኑ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ተጎዳ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት አለ፤ እዚህ ያለ ሰው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ማን ትክክል እንደሆነ፣ ማን እንደበደለ የሚከራከሩበት መድረክ ሌላ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የመከላከያ ወታደር የነበረው፣ በ2015 ዓ.ም. የፈረሰው የልዩ ኃይል አባል፣ ሚሊሻው፣ ፋኖው፣ በግድም በውድም የዘመተው ሁሉ ሲታመም የሚመጣው ወደ አንድ ካርድ ክፍል ነው። ከአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቤት ይመጣሉ።

አንድ ነገር ቶሎ ላስተካክል። የዘመተ ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም። አብዛኛው ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ፣ ማሳውን እያረሰ፣ በጊዜ ብዛት ይረጋጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ስሌት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ የድብርት፣ የጭንቀት፣ የድኅረ አደጋ ቀውስ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለበት። አራቱ ደህና ናቸው ማለት ነው። ዘማችን ሁሉ እንደ ታማሚ ማየት በራሱ ጉዳት ነው፤ ሥራ ያሳጣዋል፣ ሚስት ያሳጣዋል፣ ክብሩን ይቀንስበታል። ጥሩ አሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ባህላችን ለዘማች ቦታ የለውም ማለት አይቻልም። ለጀግንነቱ ፉከራና ቀረርቶ አለው፤ ምን እንደጣለ፣ ማንን እንደማረከ ቆሞ ይናገርበታል። ለሞተው ለቅሶ አለው፤ ቅሬው ድንኳን ይጥላል፣ እድር ያዋጣል፣ ሙሾ ይወርዳል። ከሁለቱ መካከል ያለው፣ ያልሞተው፣ ግን ደግሞ መፎከር የማይችለው ሰው የት ይናገር? ጓደኛውን ጥሎ የሸሸው፣ ሕፃን መሞቱን ያየው፣ ትእዛዝ ፈጽሞ ከዚያ በኋላ መቁረብ የፈራው፣ ወይም መስገጃው ላይ ሲቆም እጁ የሚንቀጠቀጠው? ለእሱ ያዘጋጀንለት ሥርዓት የለንም። የንስሐ አባቱ ይሰሙታል፤ ሼሁ ዱዓ ያደርጉለታል፤ ወዳጃ ላይ ተቀምጦ ቡናው ሲፈላ ልቡ ትንሽ ያርፋል። እነዚህ ትልቅ ነገሮች ናቸው። ካህኑም ሼሁም ግን ይህ ሰው ራሱን ሊገድል እንደሚያስብ የሚለዩበትን ጥያቄ ያስተማራቸው የለም፤ ወደማን እንደሚልኩትም አልተነገራቸውም።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር እንዴት ተማረው? በብዙ መከራ፣ በተደጋጋሚ መርሳትም ጭምር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1915 ከመድፍ ፍንዳታ በኋላ ማየትም ሆነ ማስታወስ ስለተሳናቸው ወታደሮች ጻፈ። አሜሪካዊው ቶማስ ሳልመን እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ እንግሊዝ ሄዶ የሆነውን አጥንቶ ተመለሰ። ያገኘው ትምህርት ቀላል ነበር፤ የታወከውን ወታደር ወደ ሩቅ ሆስፒታል ከመላክ ከጓዶቹ ሳይርቅ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ትድናለህ እየተባለ ማከም ይሻላል። ለዚህም በየክፍለ ጦሩ የአእምሮ ሐኪም ተመደበ። ጦርነቱ አልቆ ሃያ ዓመት ሲሞላ ይህ ሁሉ ተረስቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደገና ከመጀመሪያው መማር ግድ ሆነ። ለምን ተረሳ? መጽሐፉ አልጠፋም ነበር። መጽሐፉን ለአዲሱ ሐኪም የሚያስተምር ሰው ግን አልቀጠለም። እውቀት በሰው ላይ ካልተተከለ ሪፖርት ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ከቬትናም ጦርነት በኋላም የዘማቾቹ ትግል ተጨምሮበት የድኅረ አደጋ ቀውስ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ፣ ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤተዝዳ በሚገኘው የወታደራዊ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሥር አንድ የሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ዋና ሥራው አካሚዎችን ማሠልጠን ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሚያሠለጥነው ደንብ ልብስ የለበሱትን ብቻ ሳይሆን ሲቪሎቹንም ነው። ወታደሩ ከጦር ሰፈር ሲወጣ የሚታከመው በመንደሩ ሐኪም ነው፤ የመንደሩ ሐኪም ደግሞ የጦር ሜዳን ኑሮ፣ የማዕረጉን ሥርዓት፣ ወታደር ለምን «ደህና ነኝ» እንደሚል አያውቅም። ስለዚህ ማስተማር አስፈለገ። ከዚህ ይበልጥ የእኛን ጉዳይ የሚመስል ነገር የለም። የእኛ ዘማች የሚበዛው በጦር ኃይሎች ሆስፒታል አይታከምም፤ ያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው፤ ሚሊሻውና የቀድሞው ታጣቂም መታወቂያው ላይኖረው ይችላል። እሱ የሚታከመው እዚህ ነው፤ በመካነ ሰላም፣ በአጅባር፣ በአቀስታ፣ በወግዲ፣ በከለላ።

ከአሜሪካውያኑ የምንወስደው ሁለተኛ ነገር ይበልጥብኛል። የአሜሪካ የዘማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዘማቾችን በንግግር የሚያክሙ ሙያተኞችን በብዛት ሲያሠለጥን፣ የጥቂት ቀን አውደ ጥናት ብቻውን ሰውን እንደማይለውጥ ተረዳ። ስለዚህ ሠልጣኙ ከአውደ ጥናቱ ተመልሶ እውነተኛ ታካሚ ሲይዝ ለወራት በየሳምንቱ ከአማካሪ ጋር በስልክ እንዲነጋገር አደረገ። ምን ጠየቅህ? ምን መለሰልህ? የት ላይ ፈራህ? ሠልጣኙ የተማረው ያኔ ነው። በአዳራሽ የሰማውን በታካሚው ፊት ሲሞክርና ሲሳሳት፣ ሲታረምም።

የእኛ ሀገር የራሷ ታሪክ አላት፤ ከሌላው የሚያንስ አይደለም። የአማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ተቋቋመ፤ ለረጅም ጊዜ የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት እገዛ የሳይካትሪ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ እነዚህ ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተበትነው ለብዙ ዓመት የአእምሮ ሕክምናን ብቻቸውን ተሸክመውታል፤ ስማቸውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ደግሞም በዚያን ዘመን የአእምሮ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ከሄዱት ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአትላንቲክ ማዶ ካለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ስፔሻሊቲውን እዚሁ ማስተማር ሲጀምር በሀገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ዐሥራ አንድ ገደማ ነበሩ። የተደረገው ነገር ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው መሄዱ ቀርቶ መምህሩ መጣ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ጥቂት ጊዜ እየመጡ አንድ አንድ ወር ይቆያሉ፤ ከኢትዮጵያውያኑ መምህራን ጋር አብረው ታካሚ ያያሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ተመራቂዎቹ ደግሞ ራሳቸው መምህራን ሆኑ። ዛሬ በጎንደር፣ በጅማ፣ በወሎና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የአእምሮ ጤና ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች ያሉት በዚህና በመሳሰለው ሥራ ነው።

ከሀገራችንም የተገኘ አንድ ማስረጃ አለ፤ ልባችሁ ላይ እንዲያድር እፈልጋለሁ። በጉራጌ አካባቢ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሁለት መንገድ አከመ። ግማሾቹን የሳይካትሪ ነርስ፣ ግማሾቹን ደግሞ ሠልጥነው ክትትል የሚደረግላቸው የጤና ጣቢያ ሠራተኞች። የጤና ጣቢያዎቹ ውጤት ከነርሶቹ ውጤት የማያንስ ሆኖ ተገኘ። በሀገራችን፣ በእኛ ጤና ጣቢያ፣ በእኛ ሠራተኛ። ስለዚህ «ስፔሻሊስት እስኪመጣ» የሚባለው ምክንያት አይሠራም። የሠለጠነና ክትትል የሚደረግለት ጤና መኮንን ብዙ ሊሠራ ይችላል። «ክትትል የሚደረግለት» የምትለዋን ግን ከዐረፍተ ነገሩ አታውጧት።

አሁን እኛ የምናውቀው ሥልጠና ምን ይመስላል? ሆቴል ነው። ሦስት ቀን ነው። አበል አለ፣ የሻይ ዕረፍት አለ፣ በግድግዳው ላይ የሚበሩ ስላይዶች አሉ፤ ብዙዎቹ ለሌላ ሀገር የተዘጋጁ ናቸው። በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ሠልጣኟ ወደ ጤና ጣቢያዋ ትመለሳለች፤ የመጀመሪያው ታካሚ ሲመጣ የምትደውልለት ሰው የላትም። በስድስት ወሩ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። ሪፖርቱ ላይ ግን «ሠልጥነዋል» ተብላ ተቆጥራለች። ይህን ስል ማንንም ለመዝለፍ አይደለም፤ የሚያዘጋጁት ሰዎች ብዙዎቹ በጎ አሳቢ ናቸው። ገንዘቡን ግን ያለቦታው እያዋልነው ነው። ለአዳራሽ ከሚወጣው ግማሹ ለአንድ ተከታታይ አሠልጣኝ ደመወዝ፣ ለነዳጅና ለስልክ ካርድ ቢውል የተሻለ ነው።

ጥሩ አሠልጣኝ ምን ያስተምራል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ መጠየቅን ያስተምራል። «ቀውስ አለብህ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ተብሎ ይጀመራል። እንቅልፍ የማያሳፍር በር ነው፤ የትኛውም ወንድ «አልተኛም» ለማለት አያፍርም። ከዚያ «ሌሊት ምን ታያለህ?»፣ «ቤት ውስጥ ንዴትህ እንዴት ነው?»፣ «ሚስትህ ምን ትላለች?»። ጦር ሜዳ የሚለው ቃል የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ሲመጣም ዝርዝሩን ማውጣጣት አያስፈልግም። ሠልጣኟ ይህን የምትለማመደው በድርጊት ነው፤ አንዱ ታካሚ ሆኖ፣ አንዷ ነርስ ሆና፣ አሠልጣኙ እያየ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «ኢኩዊፕ» ብለው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት መሣሪያ የሠልጣኙን ብቃት የሚመዝነው በዚህ ዓይነት ልምምድ ነው፤ ፈተናው የሚጻፍ አይደለም፣ የሚሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ ምን ማድረግ እንደሌለባት ያስተምራታል። አደጋ በደረሰ በቀናት ውስጥ ሰውን ሰብስቦ «ያያችሁትን ሁሉ ንገሩን» ማለት እንደማይጠቅም፣ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይናገራል። በምትኩ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ አለ፤ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ውሃ፣ ብርድ ልብስ፣ የጠፋ ዘመድ መፈለግ፣ የተረጋጋ ድምፅ። ዲያዜፓም ደግሞ ለፈራና ላልተኛ ሰው እንደ ከረሜላ አይታደልም፤ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ለዚህ ዓይነት ጭንቀት መስጠት አይመከርም፤ ሱስ ያስይዛል፣ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ስንት ፋርማሲ ውስጥ ያለ ትእዛዝ እንደሚሸጥ እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ ስለ መሣሪያ መጠየቅን። በዚህ ደጋ ብዙ ቤት መሣሪያ አለ። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው እጁ ሥር ክላሽ ካለ፣ ያቺ አንድ የከፋች ሌሊት ትበቃለች። ነርሷ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላ በግልጽ መጠየቋ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይህን ብዙ ጥናት አረጋግጧል። ከዚያ «መሣሪያው የት ነው? ለጥቂት ሳምንት ታላቅ ወንድምህ ጋ ቢቀመጥስ?» ማለት ትችላለች። ይህ ጥያቄ ትጥቅ ማስፈታት መስሎ ከተሰማው ሰውየው አይመለስም። ስለዚህ አጠያየቁ ጥበብ ይፈልጋል፤ ጥበቡም የሚገኘው ደጋግሞ ከሚያርም አሠልጣኝ ነው።

አራተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው፣ የኅሊና ቁስል ነው። ቦስተን ውስጥ የቬትናም ዘማቾችን ሲያክም የኖረው ጆናታን ሼይ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወታደርን ይበልጥ የሚሰብረው ፍርሃቱ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። የሚያምነው አለቃ ልክ የሆነውን ነገር ሲከዳበት፣ ወይም ራሱ የሚያምንበትን ነገር ሲተላለፍ ነው የሚሰበረው። ለዚህ ክኒን የለም። የተገደለው ሰው የጎረቤት ወረዳ ሰው ከሆነ፣ ምናልባትም ዘመድ ከሆነ ቁስሉ ይጠልቃል። የእርስ በርስ ጦርነት የዓድዋ ወይም የኮሪያ ዘመቻ አይደለም። ከኮሪያ የተመለሱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን ቀብረው፣ ከ500 በላይ ቆስለው መጡ፤ ሀገር በክብር ተቀበላቸው። ከወንድሙ ጋር ተዋግቶ የተመለሰውን ማን በምን ይቀበለው? እዚህ ላይ አካሚው ብቻውን አይበቃም። የንስሐ አባቱና ሼሁ፣ የአበጋርን የእርቅ ሥርዓት የሚያውቁ ሽማግሌዎች ድርሻ አላቸው። አሠልጣኙ ነርሷን ከእነሱ ጋር መሥራትን ያስተምራታል፤ እነሱን ደግሞ ጸበሉንም ዱዓውንም ሳያስቀር መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ እንዲያግዙ ያስረዳቸዋል። ታካሚው ሁለቱን ለይቶ እንዲመርጥ ማስገደድ ታካሚውን ማጣት ነው።

አምስተኛ፣ ምስጢር መጠበቅን። ይህ ሥልጠና በካርድ ክፍሉ ይጀምራል። የታካሚው ካርድ ላይ «የእንዲህ ወገን ታጣቂ» ተብሎ አይጻፍም። አይጠየቅም፣ አይጻፍም፣ አይነገርም። ታካሚው «ያወራሁት ነገር ነገ ማን ጆሮ ይደርሳል?» ብሎ ከፈራ አይናገርም፤ መፍራቱም ትክክል ነው። ቁስለኛን ወገኑን ሳይጠይቁ ማከም የሙያው ቃል ኪዳን ነው፤ በዓለም አቀፍ የጦርነት ሕግም የተጻፈ ነው። አሠልጣኙ ይህን ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ለአስተዳዳሪውም፣ ለፖሊስ አዛዡም፣ መሣሪያ ላነገበው ሁሉ ማስረዳት አለበት፤ አለበለዚያ ሸክሙን ሁሉ በአንዲት ነርስ ትከሻ ላይ መጣል ይሆናል።

ስለ ነርሷ ራሷም ልናገር። እሷም እኮ በዚያው ጦርነት ውስጥ አልፋለች። ተኩስ ሲሰማ ሕሙማንን ይዛ የተደበቀች፣ ደመወዟ የተቋረጠባት፣ ወንድሟን ያጣች ትሆናለች። የታካሚውን ታሪክ ስትሰማ የራሷ ይነሣባታል። ብዙ የሥልጠና ሰነድ ስለዚህ የሚለው አንድ መስመር ነው። ጥሩ አሠልጣኝ በየሳምንቱ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ታካሚው አይደለም፤ «አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ?» ይላል። ለዚህ የሚመደብ ሰዓት ከሥራው የተቆረጠ ሰዓት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሥራው ነው።

የሚቻለው ምንድን ነው? ከደሴ እስከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሳይካትሪ ባለሙያ የሚያስተምረው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ አለ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ሌላው ቱሉ አውሊያ ነው። የመካነ ሰላም ሆስፒታል አለ፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያ፣ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለ። የጎደለው እነዚህን የሚያያይዘው ሰው ነው። አንድ ልምድ ያለው የሳይካትሪ ባለሙያ፣ ሥራው ማከም ሳይሆን አካሚዎችን ማሠልጠንና መከታተል ሆኖ፣ መቀመጫው መካነ ሰላም ቢሆን፤ በየወሩ አጅባርን፣ አቀስታን፣ ወግዲንና ከለላን እየዞረ ከጤና መኮንኖቹ ጋር አብሮ ታካሚ ቢያይ፤ መንገድ ሲዘጋ በስልክ ቢከታተል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡን ስለምናውቅ ዕቅዱ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም፤ ተራ የስልክ ጥሪና የወረቀት መዝገብ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት «ፒ ኤም ፕላስ» ያለው፣ በአምስት ጊዜ ቀጠሮ የሚያልቅ፣ ሐኪም ያልሆነ ሠልጣኝ ሊሰጠው የሚችል የምክር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል፤ በኬንያና በፓኪስታን ተፈትኖ ሠርቷል። የዚምባብዌዎቹ አያቶች በሐራሬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመንደራቸውን ሰው ድብርት የሚያክሙበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር ዐሥራ አራት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ከኋላቸው ግን የሚከታተላቸው ባለሙያ ነበር።

በሌላ በኩል ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። የመቋቋሚያ ገንዘብ ይሰጣል፣ የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። ጥሩ ነው። የማይተኛ ሰው ግን የተሰጠውን በሬ ጠምዶ አያርስም። ገንዘቡ ከሚሰጠው ሰው አጠገብ የሚሰማው ባለሙያ መቀመጥ አለበት፤ ባለሙያው ደግሞ የተሐድሶው ማሠልጠኛ ማዕከል ሲበተን አብሮ ተበትኖ የሚቀር ሳይሆን ታጣቂው በገባበት ወረዳ የሚገኝ መሆን አለበት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ግልጽ ነው። የዞኑና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፤ የሠለጠነችን ነርስ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከቦታዋ አታዛውሯት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፤ ለሳይካትሪ ተማሪዎቻችሁ የተግባር ልምምድ መካነ ሰላምና አጅባር እንዲሆን አድርጉ፤ መምህሩም ከተማሪው ጋር አብሮ ይምጣ። አባቶችና ሼሆች፤ ወደ እናንተ የመጣውን ዘማች ወደ ሆስፒታል ስትልኩት «እምነትህ ጎድሏል» አትበሉት። የቅሬ መሪዎች፤ ሰው ሲሞት ድንኳን እንደምትጥሉ ሁሉ፣ ሰው ከጦር ሜዳ ሲመለስ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ሚስቱን እንዴት እንደሚያድር ጠይቋት። የጤና ባለሙያዎች፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ጨጓራዬን ያመኛል የሚላችሁን ወጣት «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» በሉት። በጀት የምትይዙ ደግሞ በመጪው ዓመት ዕቅዳችሁ ውስጥ ለአንድ አሠልጣኝ የደመወዝ መደብ ክፈቱ፤ መቀመጫውም መካነ ሰላም ይሁን።